አብሮት የሄደው ጓደኛው ሳይመለስ ብቻውን የተመለሰውን ልጅ እንዴት እንቀበለው?

ጠያቂ፦ አጎት (ምሥራቅ ጎጃም)

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ያህል ሳመነታ ቆይቻለሁ። ነገሩ የቤተሰብ ምስጢር ከመሆኑም በላይ፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ ማን ከማን ጋር እንደ ነበረ መጻፍ ለልጁም ለእኛም አይበጅም። ስለዚህ የቀበሌያችንን፣ የታጣቂውን ወገንም ሆነ የልጁን ስም አልጠቅስም፤ መልስ የምትሰጡኝም ይህንኑ እንድትጠብቁልኝ አደራ እላለሁ።

የእህቴ ልጅ አሁን 16 ዓመቱ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሆኖ ከቤት ወጣ። ሁለቱ ክርስትና የተነሡት በአንድ ሳምንት ልዩነት ነው፤ ከብት የጠበቁትም፣ ፊደል የቆጠሩትም አንድ ላይ ነው። መጀመሪያ ስንቅ ይሸከሙ፣ ውሃ ይቀዱ፣ መልእክት ያደርሱ ነበር። በኋላ መሣሪያ እንደ ተሰጣቸው ከሌሎች ሰማን እንጂ እሱ ራሱ አልነገረንም። ከቤት በወጣ በዓመት ከሦስት ወሩ፣ ባለፈው መስከረም፣ አንድ ሌሊት ብቻውን መጣ። ውሻው እንኳ አልጮኸበትም።

ከመጣ ወዲህ የሚተኛው በሩ አጠገብ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው። ምግብ ሲቀርብለት ሌላው ገና እጁን ሳይታጠብ ጨርሶ ይነሣል። ሥራ ግን አይጠላም፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የበረቱን አዛባ ጠርጎ ይጠብቀናል። አያቱ እሱ በተቀመጠበት ሁሉ ምንም ሳትናገር ጥጥዋን እየፈተለች አብራው ትቀመጣለች፤ ከሁላችንም የሚሻለው ከእሷ ጋር ነው።

ምክር የምሻባቸው ጉዳዮች እነዚህ ናቸው። ባሕር ዳር የሚኖር ወንድሜ «እኔ ዘንድ ይምጣና እዚህ ይርሳው» ይላል፤ እንላከው ወይስ እዚሁ ይቆይ? ትምህርት ቤታችን በዚህ ዓመት ሲከፈት ወደ 7ኛ ክፍል ቢመለስ አብረውት የሚቀመጡት ከእሱ ሦስት ዓመት የሚያንሱ ልጆች ናቸው፤ ይህ አያሸማቅቀውም? ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጎረቤታችን ነገር ነው። ሴትዮዋ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ትቆማለች። «ልጄስ?» ብላ አትጠይቅም፤ ጥቂት ቆማ ታይና ትሄዳለች። እሱ በጓሮ በኩል እየወጣ ይሸሻታል። ተቀምጦ የሚያውቀውን እንዲነግራት እናድርገው? ወይስ እንተወው? እህቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ልትልክላት ታስባለች፤ እኔ ደግሞ «ልጄ ተመለሰልኝ» ብሎ ደስታን ማካፈል እንዳይመስልባት እፈራለሁ።

መልስ፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ

ወንድሜ፣ እንኳን ልጃችሁን በዓይነ ሥጋ ለማየት አበቃችሁ። ከታጣቂዎች ዘንድ የተመለሱ ልጆችን ከቤተሰባቸው ጋር በማገናኘት ሥራ ለጥቂት ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ የማውቀውን ልበልዎ።

መሣሪያ ይያዝ አይያዝ ለማጣራት አትድከሙ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 በብዙ አገሮች ስምምነት የወጡት የፓሪስ መርሆች እንደሚሉት፣ 18 ዓመት ሳይሞላው በታጣቂ ኃይል ውስጥ በማናቸውም ሥራ የዋለ፣ ምግብ አብሳይም ይሁን ተሸካሚ፣ መልእክተኛም ይሁን ሰላይ፣ እኩል ድጋፍ ይገባዋል። ሕጉም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው የመለመለውን ሰው ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 22 ልጆችን መመልመል ይከለክላል፤ ልጆች በትጥቅ ግጭት እንዳይሳተፉ የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 270 ልጆችን ለውጊያ መመልመልን ከጦር ወንጀሎች መካከል ይቆጥረዋል። በመሆኑም የልጁን ዕድሜ የሚያስረዳ ወረቀት ከወዲሁ ያዙ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው ክርስትና ከተነሣበት ደብር የሚሰጠው የጥምቀት ማስረጃ፣ ከትምህርት ቤቱም የድሮው የውጤት ካርድ ይጠቅማል። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ቁመቱ የረዘመ ልጅ ዕድሜውን የሚያስረዳለት ሲያጣ ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ።

ወደ ባሕር ዳር ስለ መላኩ፦ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ነገር ካለ ዛሬውኑ ይሂድ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ስጋት ከሌለ ግን አልመክርም። ከተማ ሄዶ የሚረሳ የለም፤ ይልቁንም ስሙን በማያውቁ ሰዎች መካከል ሌሊቱን ብቻውን ይጋፈጣል። ተመራማሪዋ ቴሬሳ ቤታንኮርትና ባልደረቦቻቸው በሴራሊዮን ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተመለሱ ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ፣ ልጁ ጫካ ሳለ የደረሰበትና ያደረሰው ነገር ብቻ ሳይሆን ከተመለሰ በኋላ የገጠመው አቀባበል ጭምር የወደፊት ሕይወቱን እንደሚወስን አይተዋል። ሰፈሩ ያገለለው ልጅ እየባሰበት ሄዷል፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ የተቀበሉት፣ በትምህርቱም የቀጠለው ተሽሎታል። በሞዛምቢክም ማፑቶ በሚገኘው፣ ከታጣቂዎች የተመለሱ ልጆች ማገገሚያ በነበረው በላንጌን ማዕከል ያለፉ 39 ወንዶች ልጆች ለ16 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ አብዛኞቹ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ሆነው ተገኝተዋል። ቅዠቱ ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ሆኖም ከመኖር አላገዳቸውም። ለዚህ ካበቋቸው ነገሮች መካከል በእጅ ሙያ ከባለሙያ ሥር ገብቶ መማርና መንደሩ በአገሩ ሥርዓት «ነጽተሃል» ብሎ መቀበሉ ይገኙበታል። በሰሜን ዩጋንዳ የአቾሊ ሕዝብ ተመላሹን እንቁላል አስረግጦ ወደ ቤት ያስገባዋል። የእኛ ሥርዓት ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ከእኔ ይልቅ ካህናት ቢናገሩ ይሻላል።

ለዕለት ኑሮው የምለው ጥቂት ነው። ሌሊት ሲቃዥ አትወዝውዙት፤ ከበሩ ራቅ ብላችሁ በልጅነት መጠሪያው በቀስታ ጥሩት። ጫማውን «አውልቅ» አትበሉት። «ስንት ሰው ገደልክ?» የሚል ዘመድ ከመጣ ቡናው ሳይፈላ ሸኙት። ገንዘብ በእጁ አትስጡት፤ የፓሪስ መርሆችም ለልጆች በጥሬ ገንዘብ መስጠትን አይመክሩም፤ ላይቤሪያ ውስጥ ለልጆች የተሰጠው ገንዘብ ወደ ቀድሞ አዛዦቻቸው ኪስ ሲገባ ታይቷልና። ከዚያ ይልቅ አንዲት በግ ወይም የዘር ድንች ስጡትና እሱ ያርባት፣ እሱ ይትከለው። ምግብ ከተወ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ፣ ወይም ሰው መምታት ከጀመረ ግን ጊዜ አትስጡት፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል ልውሰደው ካላችሁ ውሰዱት፤ መድኃኒት ታዞለት ከሆነ ግን ጠበል ገባ ተብሎ እንዳይቋረጥ፣ በሰንሰለት የሚያስሩበትም ቦታ እንዳይሆን።

የአያቱ መፍተል፣ እኔ በሥልጠና ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። አታስተጓጉሏት።

ስለ ጎረቤታችሁ ግን ቶሎ መልስ የለኝም። የእሷም ጥያቄ እውነተኛ፣ የእሱም ዝምታ እውነተኛ ነው።

መልስ፦ የቡሬ ልጅ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስለ ወንዶች ልጆች መመለስ ስንነጋገር የሴቶቹ ልጆች መመለስ ፈጽሞ አይነሣም። እንጀራ ስትጋግር፣ ስንቅ ስትሸከም፣ የሌላውንም ነገር ሁሉ ስትታገሥ ቆይታ የመጣችውን ልጅ «ታጣቂ ነበረች» የሚላት ስለሌለ የሚቆጥራትም የለም። ባለሙያዋ በጠቀሷት በሴራሊዮን፣ ትጥቅ በማስፈታቱ መርሐ ግብር ካለፉት ልጆች መካከል ሴቶቹ ከመቶ አሥር አይሞሉም ነበር፤ በታጣቂ ቡድኖቹ ውስጥ የነበሩት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ለመመዝገብ መሣሪያ ማስረከብ ይጠየቅ ስለ ነበር ድስት ይዛ የመጣችው ከበር ተመለሰች። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤተሰብ የሚቸኩለው ሊድራት ነው። የማውቃት አንዲት ልጅ በተመለሰች በሁለት ወሯ ሽማግሌ ተልኮባት ተሰጠች፤ ባሏ ማታ ማታ የት እንደ ነበረች ይጠይቃታል አሉ። ይህን የምታነቡ ወላጆች ብትኖሩ፣ ልጃችሁ ለወራት እናቷ ጉያ ብታርፍ የሚጎድልባችሁ ክብር የለም። ቀድሞ መሄድ ያለባትም ጤና ጣቢያ ነው።

መልስ፦ መምህርት

ትምህርቱን በተመለከተ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንዲሁ የተመለሰ ልጅ ነበረን። እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ወንድማችን በሰላም ተመልሷል፤ በጭብጨባ እንቀበለው» አልኩ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከአንገቱ በላይ ደም የለውም። በማግሥቱ አልመጣም፤ ቤቱ እየተመላለስኩ ለምኜ ያመጣሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጭብጨባው ተኩስ መስሎት ይሁን፣ ወይም የሁሉም ዓይን ስላረፈበት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ መንገር ያለባችሁ ለርእሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው ብቻ ነው፤ እነሱም የተነገራቸውን ለራሳቸው ብቻ እንዲይዙ አስምሉልኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህን ነው። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ መቀመጥ ይፈልጋል፤ እንዲያ ይቀመጥ። ደወላችን እንደ አብዛኛው ትምህርት ቤት የተንጠለጠለ ብረት ሲሆን፣ በተመታ ቁጥር ይደነግጥ ስለ ነበር ደወሉን የመምታቱን ሥራ ለእሱ ሰጠነው፤ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ሆነ ማለት ነው። የማስጠነቅቃችሁ አንድ ትልቅ ፈተና አለ። መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ የክፍል አለቃ ማድረግ፣ አርፋጅ ማስቆም፣ ረባሽ ማስያዝ ይወዳሉ፤ ይታዘዛል፣ ይፈራልም። እኛም አንድ ሰሞን አድርገነው ነበር። ከጫካ የመጣውን ልጅ በጫካ ጠባዩ መልሶ መቅጠር እንደ ሆነ የገባን አንዱን የ5ኛ ክፍል ልጅ ክንዱን ጠምዝዞ ሲያንበረክከው ነው። ኃላፊነት ይሰጠው፤ ነገር ግን የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ፣ የችግኝ ውሃ፣ እንደዚህ ያለው ይሁን።

ስለ ክፍሉ ደረጃ፣ ከሚያንሱት ልጆች ጋር መቀመጡ በእርግጥ ያሸማቅቃል። በአካባቢያችሁ የማታ ትምህርት ካለና መንገዱ ሰላም ከሆነ እሱ ይመረጣል፤ እዚያ ትልልቅ ሰዎች ስለሚበዙ ማንም «አንተ ለምን ዘገየህ?» አይለውም። መንገዱ ካላስተማመነ በቀኑ ይግባና በሳምንት ሁለት ቀን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማካካሻ እንዲሰጠው መምህራኑን ለምኑ። 7ኛን እንደ ምንም ካለፈ ለ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና የሚዘጋጁት ሁሉ ተጨናንቀው ስለሚሆኑ የእሱ ልዩነት አይታይም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ቅሬታም አለ። «ቤታቸው ሆነው በረሃብም በፍርሃትም የከረሙት ልጆቻችን ምን አገኙ?» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እውነት አላቸው። ሴራሊዮን ውስጥ ተመላሽ ልጆችን ለተቀበለ ትምህርት ቤት ደብተርና መሣሪያው ለተመላሹ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ተማሪ እንዲጠቀምበት ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ የልጁ መምጣት ለመንደሩ ሲሳይ እንጂ ቅናት አላመጣም። እናንተም ለእሱ ደብተር ስትገዙ ከቻላችሁ ለጎረቤት ልጆችም አንድ አንድ ጨምሩ።

መልስ፦ የ1980ው ምልምል

ስለ ጎረቤታችሁ ጉዳይ ማንም ሳይመልስ ስላየሁ ነው የምጽፈው። ከዚህ በፊት ለማንም በጽሑፍ ያልነገርኩት ነው።

በ1980 ዓ.ም. 15 ዓመቴ ነበር። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ይል ነበር፤ ኮታ መሙላት ያለበት ሰው ግን ዕድሜ አይጠይቅም። በገበያ ቀን አፈሳ መጣ፤ እኔና አንድ የሰፈራችን ልጅ ሽንኩርት ልንሸጥ ሄደን ሽንኩርቱ እዚያው ቀረ፣ እኛ በመኪና ተጫንን። ሁለታችንም በመዝገብ ላይ 18 ተባልን። እሱ ደቀመሐረ ግንባር ሞተ። አጠገቤ ነበር። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኔ ከብዙዎች ጋር በከረን በኩል ሱዳን ገባሁ፤ ከዚያ በመተማ ዞሬ አገሬ ደረስኩ። በዚያን ጊዜ በየመንገዱ የሚለምነው ወታደር ብዛት ስለ ነበር ማንም ልጅ መሆኔን አላየም፤ «የደርግ ወታደር» ነበርኩ፣ በቃ።

እናቱ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን መጥታ ጠየቀችኝ። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም፤ «ሱዳን ድረስ አብረን ገባን፤ እዚያ ተለያየን» አልኳት። ደግነት መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ 11 ዓመት ጠበቀች። ከመተማ ወይም ከገዳሪፍ ሰው መጣ ሲባል የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ እየሄደች ትጠይቅ ነበር። አንዴ ላሟን ሸጣ የባሏን ወንድም እስከ መተማ ላከች። ተስካር አላወጣችም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ በየፋሲካው ለእሱ ድርሻ ታስቀምጥ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በበቆሎው ውስጥ እየተደበቅሁ ኖርኩ። አግብቼ፣ ሁለት ልጅ ወልጄም ተደብቄያለሁ።

በ1994 ዓ.ም. የንስሐ አባቴ ይዘውኝ ሄዱና ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። «ላሟንስ ባልሸጥኳት» ነው ያለችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ጎረቤቱን ጠራች። በ40ኛው ቀን ተስካሩን ስታወጣ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አጎት፣ ልጁን አታስገድዱት፤ ገና ሁለት ወሩ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ እናንተ ስለ እሱ አትመልሱ፤ «አያውቅም»፣ «ተለያይተው ነው» እያላችሁ አትሸፍኑለት፤ አንዴ የተነገረ ሐሰት እሱንም ያስረዋል። ሁለተኛ፣ ከጓሮ መውጣቱን እንዲተው እርዱት። መናገር የለበትም፤ በፊት ለፊት በር ወጥቶ «እንደምን አደሩ» ብሎ ቢያልፍ ለአሁን በቂ ነው። መሸሽ ሲለመድ እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቀዋለሁ። ምናልባት ልጇ በሕይወት አለ፣ ምናልባት የለም፤ የሚያውቀው እሱ ነው። የሚናገርበትን ቀን እሱ ይምረጥ፤ ቀኑ እንደሚመጣ ግን ሁላችሁም፣ እሷም ጭምር፣ ማወቅ አለባችሁ።

መልስ፦ ቄስ (ምዕራብ ጎጃም)

ከላይ የተጻፈውን አንብቤ ጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልን።

አጎት ሆይ፣ ለልጁ በግ አርዳችሁ መንደሩን አትጥሩ፤ አጠገባችሁ ልጇን የምትጠብቅ እናት ሳለች የደስታ ድግስ አይገባም። እህትዎ ድፎውን ግን ትላክ። ጎረቤት ለጎረቤት ዳቦ የሚልከው ለደስታ ብቻ አይደለም። ስትልክም ራሷ ይዛ ትሂድ እንጂ በልጅ አትላክ፤ ስለ ልጇም ሆነ ስለ ልጇ ጓደኛ አንዳች ሳትናገር ሰጥታ ትመለስ።

ልጁ የንስሐ አባት ካለው በአንድ ሰንበት ቤት ድረስ ይምጡለት፤ ከሌለው ሰው የማያበዛ፣ የሰማውን የሚይዝ አረጋዊ ካህን ፈልጉ። በመጀመሪያው ቀን ኑዛዜ አይጠበቅበትም። ቀኖና ሲሰጠውም በዕድሜውና በአቅሙ ይሆናል፤ ልጅ ሆኖ በታዘዘው ነገርና አዋቂ መክሮ በሠራው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት አባቶች ያውቃሉ። በኑዛዜ የሰሙትን ለእናቱም፣ ለእርስዎም፣ ለጎረቤታችሁም አይነግሩም፤ እናንተም አትጠይቋቸው። ለሴትዮዋ የሚነገረውን የሚናገረው ራሱ ልጁ ነው፤ ካህኑ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ያን ያህል ነው።

የሰንበቴ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ ተራችሁ ሲደርስ ልጁ ጠላውን ይቅዳ፣ ዳቦውን ያዙር። አንዳንዱ ዋንጫውን ላይቀበለው ይችላል፤ ያን ጊዜ አትቆጡ፣ ወደሚቀጥለው ይለፍ። በሁለተኛው ተራ እንደገና ይቅዳ።

ጠያቂ፦ አጎት (ምሥራቅ ጎጃም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ተመልሼ የምጽፈው፤ ጤፍ አጨዳ ላይ ስለ ነበርን ነው።

ባሕር ዳር አልላክነውም። በወንፈሉ ሁሉ አብሮን ወጣ፤ ወጣቶቹ ፊት ፊቱን ያዩት የነበረው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ማጭዱ ላይ ፈጣን መሆኑን አዩና እያንዳንዱ ወደ ራሱ ማሳ ይጎትተው ጀመር። ጫማውን አውልቆ ይተኛል ብል ውሸት ይሆናል፤ ማሰሪያውን ግን ይፈታዋል። ከጥምቀት ማስረጃው ላይ ዕድሜውን ስናሰላ ከቆጠርነው በአራት ወር ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ እህቴ ያን ዕለት እንደ አዲስ አለቀሰች።

እህቴ ድፎውን ራሷ ይዛ ሄደች። ሴትዮዋ ተቀበለቻት፤ ቡና ግን አላፈላችም። በሦስተኛው ቀን ሰፌዱ ባዶውን ተመለሰ፤ በአገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃላችሁ። እህቴ እስከ ዛሬ «ተቀይማኛለች» ትላለች፤ እናቴ ደግሞ «ሰፌዱን ያመጣችው ራሷ ናት እኮ፣ በልጅ መላክ ትችል ነበር» ትላታለች። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሊስማሙ አልቻሉም።

የ1980ውን ምልምል ጽሑፍ ለልጁ አነበብኩለት፤ ማንበቤ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እስከ መጨረሻው ሰማና «ላሟ ስንት ተሸጠች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ካህኑ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ሲወጡ «ከኅዳር ሚካኤል በኋላ፣ ለእሷ ብቻ» ብሎኛል አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ትናንት ጠዋት ሴትዮዋ በራችን ላይ በቆመች ጊዜ በፊት ለፊት በር ወጣ፤ «እንደምን አደሩ» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ ወደ ወንዝ ወረደ።

መምህርት፣ የማታው ክፍል በእኛ ዘንድ የለም፤ በቀኑ ነው የሚገባው። ርእሰ መምህሩን ለብቻቸው አግኝቼ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ስለ ደወሉ ስነግራቸው «ያንንማ ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። የሒሳብ ማካካሻውን ማን እንደሚሰጠው ገና አልተወሰነም። እርስዎ የማካካሻ ጥያቄዎች ያሉበት ደብተር ካለዎት በዚሁ በኩል ቢነግሩኝ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ።